ወርቅና ጥንዚዛ

ሰው ትልቅን ነገር ለማድነቅ ትምህርት አያስፈልገውም። ተራራ ሲያይ ቀና ይላል፤ ወንዝ ሲሞላ ዳር ቆሞ ይመለከታል፤ ነጐድጓድ ሲያስገመግም ልቡ ይደነግጣል። በ2025 የተመረቀውን የጉባን ታላቅ ግድብ አይቶ «ይህ ምን ያስደንቃል?» የሚል ሰው አይገኝም። (በዚህ ድርሰት የማነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ትንሹን ነገር ጐንበስ ብሎ ተመልክቶ ለማድነቅ ግን ዐይንን ማስተማር፥ ልብንም ማረቅ ያስፈልጋል። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በዚህች አጭር ድርሰት ላነሣልህ የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው። በእግራችን ሥር ለሚመላለሱት ትናንሽ ፍጥረታት፥ ለጥንዚዛና ለምስጥ፥ ለዝንብና ለጉንዳን፥ እኛ ሰዎች ምን ዕዳ አለብን? ወይስ አንዳችም ዕዳ የለብንም?

ጥያቄው ሥራ የፈታ ሰው ያመጣው ሊመስልህ ይችላል። ለእኔም ዱሮ እንዲያው ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን የለወጠው በአሶሳ ያየሁት አንድ ትንሽ ነገር ነው።

ወሩ ሰኔ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ለምልሟል፤ ከከተማው ወጥቶ ወደ ሆሞሻ የሚወስደው መንገድ ገና ከዝናቡ አልደረቀም። ሦስት ተማሪዎች ከፊቴ ይሄዳሉ። በመንገዱ ላይ አንድ ጥንዚዛ እበቱን አድቦልቡሎ፥ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ፥ በፊት እግሮቹ ምድርን እየረገጠ በኋላ እግሮቹ ይገፋዋል። ድቡልቡሉ ከገፊው ይበልጣል። ጉብታ ሲያጋጥመው ተንከባሎ ይወድቃል፤ ተነሥቶ እንደ ገና ይገፋል። ከልጆቹ አንዱ እግሩን አነሣና ድቡልቡሉንም ጥንዚዛውንም ባንድነት ረገጣቸው። ጓደኞቹ ሣቁ።

«ልጄ፥ ምን አደረገህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ልጁ ባለጌ አልነበረም። አፍሮ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ምን ይጠቅማል ብለው ነው? እበት ገፊ እኮ ነው» አለኝ።

ልቈጣው አሰብሁና ቃል አጣሁ። እኔም በልጅነቴ ጥንዚዛ ይዤ፥ እግሩን በክር አስሬ፥ ሲበር እያየሁ መጫወት እወድ ነበር። አንድ ቀን እግሩ ተቈርጦ በክሩ ጫፍ ላይ ሲቀር፥ ያን እግር አራግፌ ሌላ ጥንዚዛ ፍለጋ መሄዴ ትዝ አለኝ። ያን ልጅ ለመገሠጽ የሚያበቃ ምን ንጹሕ እጅ ነበረኝ? ዝም ብዬ አለፍሁ። የልጁ ጥያቄ ግን ተከትሎኝ ቤቴ ገባ። ምን ይጠቅማል?

የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው። ጥንዚዛው ይጠቅማል። እበቱን ወስዶ ከመሬት በታች ይቀብረዋል፤ እንስቲቱም በተቀበረው ድቡልቡል ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የተፈለፈለውም ትል ያን እየበላ ያድጋል። በዚህ ሥራ ምድር ትለሰልሳለች፥ ትዳብራለች፤ በእበት ላይ የሚራባውም ዝንብ መራቢያ ያጣል። የዚህን ሥራ ዋጋ አጥብቀው የተረዱት አውስትራሊያውያን ናቸው። ወደዚያች ምድር ከአውሮፓ የሄዱ ሰዎች የቀንድ ከብት ይዘው ገቡ፤ ያገሩ ጥንዚዛዎች ግን የለመዱት የካንጋሩና የመሰሎቹን ኩስ እንጂ የከብትን እበት አልነበረም። ስለዚህ እበቱ በየመስኩ ደርቆ እየተከመረ ሣሩን ሸፈነው፤ ዝንቡም እንደ አሸን ፈላ። በመጨረሻ ጆርጅ ቦርኔሚሳ የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ ሊቅ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፥ ከ1960ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ ከአፍሪካና ከሌላም አገር ጥንዚዛ እየተወሰደ በዚያ ተለቀቀ። በትምህርቱ የላቀ አገር፥ በእኛ መንገድ ላይ የሚረገጠውን ጥንዚዛ ዘመድ ከሩቅ አስመጣ ማለት ነው።

እንግዲህ ለልጁ ይህን ነግሬ ላሳፍረው እችል ነበር። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። የልጁን ሚዛን አላስተካከልሁለትም፤ በዚያው ሚዛን ላይ አንድ ክብደት ጨመርሁበት እንጂ። ጥንዚዛው ስለሚጠቅም አይረገጥ ካልን፥ የማይጠቅመውስ? የሚጐዳውስ? ሚዛናችን ጥቅም ብቻ ከሆነ፥ ነገ ጥቅሙ ያልታየንን ሁሉ ያለ አሳብ ልንረግጥ ነው።

ስለዚህ የሚጐዳውን እንመልከት። የአሶሳ ገበሬ ስለ ምስጥ ሲናገር በፍቅር አይናገርም። ምስጥ የቤቱን ምሰሶ ከውስጥ ቦርቡሮ ቅርፊቱን ብቻ ያስቀርለታል፤ በቈሎውንና ማሽላውን ከሥሩ ይቈርጥበታል። አንድ ቀን አንድ የበርታ ሽማግሌ ምስጥ የበላውን የሽመል አጥር አፍርሰው በአዲስ ሲተኩ አገኘኋቸው።

«አባባ፥ ይህን ምስጥ እንዴት ይጠሉት ይሆን!» አልኋቸው።

ሽማግሌው ሽመሉን እየቀጠቀጡ፥ «ልጄ፥ ጠላቴ ነው፤ ግን ሰነፍ ነው ብዬ አላማውም። የምስጥን ሥራ የናቀ ሰው ቤቱን አያቆይም» አሉኝ።

በዚህ ቃል ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። ሽማግሌው ምስጡን አይወዱትም፤ ነገር ግን አይተውታል። በሜዳው ላይ ከሰው ቁመት በላይ የቆመው ኩይሳ ዐይን በሌላቸው ሠራተኞች የተሠራ ነው። ከሥሩ ንጉሥና ንግሥት ያሉበት አዳራሽ አለ፤ ንግሥቲቱ በቀን በሺህ የሚቈጠር እንቁላል ትጥላለች። ከአዳራሹ አጠገብም የእርሻ ቦታ አለ። ምስጦቹ ያኘኩትን እንጨትና ሣር እንደ ማር ሠፈፍ ደርድረው በላዩ የእንጉዳይ ዘር ያበቅሉበታል፤ ያንንም ይመገባሉ። አየሩ እንዳይታፈን፥ እርጥበቱም እንዳይጠፋ መተንፈሻውን ያበጁታል። ሰው ማረሻ ሳይጨብጥ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት አስቀድሞ ምስጥ ገበሬ ነበረ። ኩይሳውን ማፍረስ ግድ ሊሆንብን ይችላል። ይህን ሳያውቁ ማፍረስና እያወቁ ማፍረስ ግን አንድ አይደለም።

ከምስጥ የከፋም አለ። በአባይና በዴዴሳ ሸለቆዎች፥ በቤኒሻንጉልም ቆላዎች የሚገኘው የቆላ ዝንብ ገንዲ የሚባለውን በሽታ እያስተላለፈ በሬውን ያከሳል፥ ይገድላል፤ ገበሬውንም ያለ ጥማድ ያስቀረዋል። ይህን ዝንብ አድንቅ ብልህ ልትቈጣኝ ትችላለህ። እስቲ አስቀድመህ ስማ። ይህች ዝንብ እንደ ሌሎቹ ዝንቦች እንቁላሏን በመቶ አትዘራም። ባንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ትፀንሳለች፤ በሆዷም ውስጥ ወተት በሚመስል ፈሳሽ ትመግበዋለች፤ ካደገ በኋላ ትወልደዋለች። በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች ጥቂት ናቸው። እነሆ፥ በዝንብ መካከል እንደ ላም ወተት የምታመነጭ እናት ተገኘች!

አሁን ልብ በል። ይህን ዝንብ ያሸነፉት አብዝተው የጠሉት ሰዎች አይደሉም፤ አብዝተው የተመለከቱት ናቸው። ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ እንደሚስባት ያየ ሰው በዚያ ጨርቅ ወጥመድ ሠራላት። ከወንድ ጋር የምትገናኘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን የተረዳ ሰው፥ ወንዶቹን ዝንቦች በጨረር አምክኖ በብዛት ቢለቅቃቸው ዘሩ እንደሚቋረጥ ዐወቀ። በዛንዚባር ባለችው በኡንጉጃ ደሴት የቆላ ዝንብ ፈጽሞ መጥፋቱ በ1997 የተገለጠው በዚህ ጥበብ ነው። በአገራችንም በቃሊቲ ማራቢያ ተቋቁሞ ይኸው ዘዴ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ተሞክሯል። ጥላቻ ዐይንን ይጋርዳል፤ ማድነቅ ግን ለጦርነት ስንኳ ዐይንን ያበራል።

ከዚህ የምንማረው ማድነቅና መውደድ ሁለት ነገር መሆናቸውን ነው። ማድነቅ ማለት አንድን ነገር እንዳለ አይቶ፥ የሆነውን ሆኗል ብሎ መመስከር ነው። ይህ ምስክርነት ለወዳጅም ለጠላትም የሚገባ ነው። እንግዲህ ለትናንሾቹ ፍጥረታት ያለብን የመጀመሪያው ዕዳ ፍቅር ላይሆን ይችላል፤ እውነት ግን ነው።

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ይህ «ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ገበሬም ነጋዴም ሐኪምም ይጠይቁታል። ክፉ የሚሆነው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጥያቄ ሲሆን ነው። ለዚህም ምስክር የሚሆነን የዚያው የአሶሳ አካባቢ ታሪክ ነው።

በ1820 የግብፁ ገዥ የሙሐመድ ዓሊ ልጅ ኢስማኤል ታላቅ ሠራዊት ይዞ ወደ ሱዳን ዘመተ። በ1821 ሴናርን ያዘ፤ ከዚያም የአባይን ወንዝ ተከትሎ ወደ ፋዞግሊና ወደ ቤኒሻንጉል አቅጣጫ ወጣ። ሠራዊቱ ሁለት ነገር ፈልጎ ነበር የመጣው፤ ወርቅና ባሪያ። ተራራውን ሲያይ «ወርቅ አለውን?» ይላል፤ ሰውን ሲያይ «ስንት ያወጣል?» ይላል። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። ያሰበውን ያህል ወርቅ አላገኘም። ኢስማኤልም በ1822 ሲመለስ ሸንዲ ላይ ያደረበት ቤት በእሳት ተያይዞ ሞተ።

በዚያ ዘመቻ ውስጥ ፍሬዴሪክ ካዮ የሚባል አንድ ፈረንሳዊ ነበረ። እርሱም የማዕድን ዐዋቂ ነውና ከሠራዊቱ ጋር የተላከው ወርቁን እንዲመረምር ነበር። ሆኖም ይህ ሰው ጐንበስ ብሎ ማየት ያውቅ ነበር። በሴናር ምድር አንድ እበት የሚገፋ ጥንዚዛ አገኘ፤ ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ወርቅ ያበራል። የጥንት ግብፆች በጥንዚዛ ውስጥ ፀሐይን በሰማይ ላይ የሚገፋውን ኃይል ምሳሌ አይተው ምስሉን በድንጋይና በወርቅ ይቀርጹ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ካዮ ያገኘውን ጥንዚዛ የመረመረው የፓሪሱ ሊቅ ፒዬር አንድሬ ላትሬይም፥ ግብፆች መጀመሪያ ያከበሩት ይህ ሳይሆን አይቀርም ብሎ የግብፆች ጥንዚዛ የሚል ስም ሰጠው። ብዙ ሺህ ወታደር ወርቅ ሲፈልግ፥ በእበት ላይ የተቀመጠውን ወርቅ ያየ አንድ ሰው ነበር።

የዚህ የላትሬይ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይደንቃል። ላትሬይ በወጣትነቱ ካህን ነበረ። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፥ በ1793፥ ካህናት እንዲምሉ የታዘዙትን መሐላ ባለመማሉ ተይዞ በቦርዶ ከተማ ታሠረ፤ ሞትም ይጠብቀው ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙ እስረኞቹን ሊጐበኝ ሲገባ፥ ይህ ሰው በወኅኒው ወለል ላይ ተደፍቶ አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ ሲመረምር አገኘው። ብርቅ መሆኗንም ነገረው። ሐኪሙ ተደንቆ ጥንዚዛዋን ቦሪ ደ ሴን ቬንሳን ለሚባል የ15 ዓመት ልጅ ላካት፤ ልጁ የተፈጥሮን ነገር ይመረምር ነበርና። ልጁም የላትሬይን ሥራ ያውቅ ስለ ነበር ብዙ ደክሞ አስፈታው። በዚያ ወኅኒ የቀሩት ሌሎቹ እስረኞች ግን ወር ሳይሞላ አለቁ። ላትሬይ በ1833 ሲሞት፥ በመቃብሩ ላይ ያች ጥንዚዛ አዳኙ መሆኗ ተጻፈ።

አንባቢዬ ሆይ፥ ጥንዚዛን ብታደንቅ ከሞት ታመልጣለህ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ለሁሉ አይደርስም። ልብ እንድትለው የፈለግሁት ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት ያለውን ሰዓት ነው። ሞቱን የሚጠብቅ ሰው፥ ማንም በማያይበት ጨለማ፥ ምንም ትርፍ በማያገኝበት ቦታ አንዲትን ጥንዚዛ በሙሉ ልቡ ይመለከት ነበር። ያ ሰው ገና ሳይፈታ ነፃ ነበር። እንዲሁም ያን የ15 ዓመት ልጅ አስበው። በእኔ ፊት ጥንዚዛውን ከረገጠው ተማሪ ጋር እኩያ ነበረ።

አሁን ነገሩን ወደ ሰው ላምጣው። በአሶሳና በአካባቢው የሚኖሩ ሕዝቦች፥ በርታው፥ ጉሙዙ፥ ማኦው፥ ኮሞው፥ «ምን ይጠቅማል? ስንት ያወጣል?» የሚለው ጥያቄ የሚያደርሰውን መከራ በሥጋቸው ያውቁታል። ከሱዳን ወገንም ከደጋው ወገንም የሚመጣ ፈንጋይ ልጆቻቸውን ሲወስድ ኖሯል። ባርነት በአገራችን በዐዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። ይህን የማነሣው ሰውን ከጥንዚዛ ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ማስተካከል እጠላለሁ። የማነሣው ዐይን አንድ ስለ ሆነ ነው። ለትንሹ ፍጥረት አንድ ዐይን፥ ለሰው ደግሞ ሌላ ዐይን የለንም። ያየውን ሁሉ በዋጋው ብቻ መመዘን የለመደ ሰው፥ ድኻውንና ባይተዋሩን ሲያይ ያን ልማድ ከደጅ ትቶት አይገባም። ጥንዚዛውን የምንረግጥበት መናቅ ትንሽ ነው፤ ዘሩ ግን ከትልቁ መናቅ ጋር አንድ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፥ «ድኻ አገር ነን፤ ለጥንዚዛ የሚሆን ጊዜ የለንም» የሚለው ነው። ነገር ግን ማየት ገንዘብ አይጠይቅም። ቀፎውን ዛፍ ላይ የሚሰቅለው ገበሬ የንብን ጠባይ የሚያውቀው ባለጸጋ ስለ ሆነ አይደለም። ጊዜ ያጣነው እኛ በመጽሐፍ የተማርነው እንጂ እርሱ አይደለም። ሃይማኖታችንም ቢሆን ይህን አይነቅፍም። በአሶሳ ያሉት ሙስሊሞች በቅዱስ ቁርኣን ውስጥ በንብና በጉንዳን ስም የተጠሩ ምዕራፎች እንዳሉ ያውቃሉ፤ ክርስቲያኖቹም ጠቢቡ ሰሎሞን ታካቹን ሰው ከጉንዳን እንዲማር እንደ ላከው ያውቃሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ለትንሽ ፍጥረት ርኅራኄ እያሳየ ለሰው የሚጨክን ሰው አለና። ጉንዳን እንዳይረግጥ መንገድ ያሳብራል፤ የቤት ሠራተኛውን ግን በስሟ አይጠራትም። እንዲህ ያለው ሰው ትንሹን አላየም፤ የሚያየው የራሱን ደግነት ነው። የእውነተኛ ማድነቅ ምልክቱ ሰውን ትሑት ማድረጉ ነው። እስከ ዛሬ በሊቃውንት ስም የወጣላቸው የነፍሳት ዓይነቶች 1 ሚሊዮን ያህል ይደርሳሉ፤ ያልታወቁት ገና ብዙ ናቸው። ይህን የሚያስብ ሰው በማንም ላይ ሊኰራ አይገባውም።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። አስቀድመህ እይ፤ ከዚያ ፍረድ። ያለ ምክንያት አትግደል። ምስጥም ሆነ የቆላ ዝንብ ሆኖ መግደል ግድ ቢሆንብህ፥ አታሠቃይ፤ በሥቃይም አትሣቅ። ያየኸውንም በደብተርህ ጻፍ። በበርታ፥ በጉሙዝ፥ በሺናሻ ቋንቋ እያንዳንዱ ጥንዚዛ ምን እንደሚባል ሽማግሎቹን ጠይቅ፤ ስሙ ከእነርሱ ጋር ከተቀበረ ማንም አይመልሰውምና።

ሊቃውንት በደቡብ አፍሪካ መርምረው በ2013 እንዳስታወቁት፥ በሌሊት የሚሠራ አንድ የእበት ገፊ ጥንዚዛ ዓይነት ጨረቃ በሌለበት ጊዜ መንገዱ እንዳይጠፋው ፍኖተ ሐሊብን፥ ያን በሰማይ ላይ የተዘረጋውን የከዋክብት ጎዳና፥ አይቶ ይጓዛል። የዚያን ቀን ይህን ለልጁ ብነግረው ኖሮ ምናልባት ይሥቅ ነበር፤ ምናልባትም ቀና ብሎ ሰማዩን፥ ጐንበስ ብሎም ምድሩን ይመለከት ነበር። እኔ ግን በራሴ በደል አፍሬ ዝም አልሁ። ዛሬ ሳስበው ዝምታዬ ከልጁ ርግጫ ይከፋል፤ እርሱ ባለማወቅ ረገጠ፥ እኔ ግን በማፈር ሳላስተምረው ቀረሁ። ማለት የነበረብኝ ብዙ አልነበረም። «ምን እንደሚጠቅም አላውቅም፤ ና ምን እንደሚሠራ ተቀምጠን እንይ» ማለት ይበቃ ነበር። ለእርሱ ያልነገርሁትን ለአንተ ጽፌልሃለሁ።